ተማሪው ለማን እያቀረበ ነው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ኮምፒውተርን ለተማሪዎች ስለማስተማር ከደረሱን ደብዳቤዎች ለአራቱ መልስ እንሰጣለን። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትተንም የመጡበትን ከተማ ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል የአይሲቲ መምህር ነኝ። በአንድ ክፍል 62 ተማሪዎች አሉኝ፤ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ግን 11 ብቻ ናቸው። የቡድን ሥራቸውን በፓወርፖይንት እንዲያቀርቡ ሳዝዛቸው ጀርባቸውን ለክፍሉ ሰጥተው ግድግዳው ላይ የሚታየውን ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ያነቡታል። ከቡድኑም አንዱ ይሠራል፣ አንዱ ያነባል፣ የቀሩት ዝም ብለው ይቆማሉ። ምን ላድርግ? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የጻፉልን ችግር እኔም ከክፍል ጀርባ ተቀምጬ ለብዙ ዓመታት ያየሁት ነው። አንዲት ተማሪ ስለ ወባ ለማቅረብ የወጣችበት ቀን ዛሬም ትዝ ይለኛል። ስላይዷ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፉ አሥራ አራት መስመሮች ነበሩ፤ ከኢንተርኔት እንዳለ የተገለበጡ መሆናቸውም ያስታውቃል። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እያነበበች ሰባተኛው መስመር ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ልታቆም ስትል «ግድ የለም፣ ቀጥዪ» አልኳት። የዩኒፎርሟን እጅጌ እየጎተተች ጥቂት ከቆየች በኋላ፣ ባለፈው ኅዳር ታናሽ ወንድሟን ወባ እንደያዘው፣ ትኩሳቱ አንድ ቀን ለቆት በማግስቱ ይመለስበት እንደነበረ፣ እናቷም «አሁንማ ተሻለው» ብላ መድኃኒቱን ሳይጨርስ ልታስቆመው ስትል የጤና ኬላዋ ባለሙያ እንዴት እንዳስረዳቻት በራሷ አንደበት ነገረችን። ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ አዳመጣት። ልጅቷ ጉዳዩን አሳምራ ታውቀው ነበር፤ የጋረዳት ስላይዱ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራት እስኪጠፋ አልጠበቅሁም። ፓወርፖይንት ስላይዶችን በሙሉ ስክሪን በሚያሳይበት ጊዜ ከኪቦርዱ ላይ «ቢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ቢጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ ደግመው ሲጫኑት ስላይዱ ይመለሳል። ተማሪ ማንበብ በጀመረ ቁጥር ይህችን ፊደል እጫናለሁ፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ከመዞር ሌላ ምርጫ አይኖረውም። እንዳይሸማቀቅ ግን ይህ እንደሚሆን ለሁሉም አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

ፕሮግራሙ ራሱ በ1987 እ.ኤ.አ. ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር ሲወጣ የታሰበው በኦቨርሄድ ፕሮጀክተር ላይ የሚቀመጡ ግልጽ ፕላስቲኮችን ለማዘጋጀት ነበር፤ ከጎኑ የሚናገር ሰው እንዳለ ተቆጥሮ የተሠራ መሣሪያ ነው ማለት ነው። በአገራችንም ሰው ፊት ቆሞ መናገር ከኮምፒውተር ጋር የመጣ ትምህርት አይደለም። በ«በልሃ ልበልሃ» ሙግት ባለጉዳዩ ነገሩን ያለ ወረቀት፣ በቅደም ተከተል፣ ዳኛውን እያየ ያስረዳ ነበር፤ የቅኔ ተማሪም የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ የሚነግረው በቃሉ ነው። እኔ እንደማምነው ተማሪዎቻችን መናገር አላቃታቸውም፤ ያልነገርናቸው ነገር ስላይዱ ለአድማጩ እንጂ ለተናጋሪው እንዳልሆነ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ኮምፒውተሩን ሳያስከፍቱ ያስተምሩ። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፎ ሲዘረጋው ስምንት ሳጥን ያገኛል። በመጀመሪያው ሳጥን የሚያዳምጠው ማን እንደሆነና ያ ሰው ንግግሩን ከሰማ በኋላ ምን እንዲያውቅ ወይም ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ ይጻፍ። በሚቀጥሉት ስድስት ሳጥኖች በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ብቻ ያስፍር፤ ዓረፍተ ነገሩን የሚያግዝ ሥዕል፣ ካርታ ወይም ሰንጠረዥ ካለም ቦታውን በእርሳስ ያመልክት። በመጨረሻው ሳጥን መረጃውን ከየት እንዳገኘ ይግለጽ። ይህን ወረቀት ይዞ አጠገቡ ለተቀመጠው ተማሪ ሦስት ደቂቃ ከተናገረ ትምህርቱ ተጀምሯል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲደርስ የሚሠራው በወረቀቱ ላይ ያለውን ወደ ስላይድ ማሸጋገር ብቻ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሌላው ጉዳይ የተማሪና የኮምፒውተር ቁጥር አለመመጣጠን ነው። ክፍሉን ለሁለት ከፍለው ግማሹ በወረቀት ሲሠራ ግማሹ ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥ በአንድ ኮምፒውተር ሦስት ተማሪ ይደርሳል፤ ይህ የሚቻል ነው። ነገር ግን ሦስት ሲሆኑ ሁልጊዜ የሚሠራው ቤቱ ኮምፒውተር ያለው ልጅ ነው። ለዚህ ደንቤ አንድ ነው፤ የሚያውቀው ተማሪ በአፉ ይመራል፣ ማውሱን ግን አይነካም። «እዚህ ጋ ተጫን፣ አሁን ወደ ታች ውረድ» እያለ ሲመራ እርሱ ማስረዳትን ይማራል፤ ጓደኛው ደግሞ እጁን ያፍታታል። ይህ የፍትሕ ጉዳይም ጭምር ነው። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በኮምፒውተር የተሰጠ ሲሆን፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በበይነ መረብ መሰጠት ጀምሯል። ማውስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨብጠው ፈተና ላይ የሆነ ልጅ ትምህርቱን ቢያውቅም ደቂቃዎቹ ያልቁበታል።

የቡድኑን ስንፍና በተመለከተ፣ የሚያቀርበው ተማሪ በዚያው ዕለት በዕጣ ይመረጥ። ዕጣው በማን ላይ እንደሚወድቅ ስለማይታወቅ ሁሉም ለመዘጋጀት ይገደዳል። ከሃያው ማርክ ስምንቱን ደግሞ ለመረዳት ይስጡት፤ ከሌላ ቡድን ሁለት ተማሪዎችን ድንገት ጠርተው «ምን ተረዳችሁ?» ብለው ይጠይቁና መልሳቸው ከአቅራቢው የመጀመሪያ ሳጥን ጋር ሲገጣጠም ነጥቡን ያስይዙ። ተማሪው አድማጩን ማየት የሚጀምረው ማርኩ በአድማጩ እጅ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

ቋንቋውንም ያስቡበት። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪ የማይረዳውን ዓረፍተ ነገር ሸምድዶ ይወጣል። የመጀመሪያው ልምምድ በሚያስቡበት ቋንቋ ይሁን፤ ነገሩ ከተደላደለ በኋላ ያንኑ በእንግሊዝኛ ይድገሙት። በመጨረሻም መጋረጃ በሌለው ክፍል በስላይዱ ጥቁር መደብ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ስለማይነበብ ነጭ መደብና ጥቁር ጽሑፍ ይጠቀሙ፤ ፊደሉም ከ28 ነጥብ አይነስ።

ጥያቄ፦ የአንድ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ተማሪዎች ባለፈው ሳምንት የጀመሩትን ሥራ በዚህ ሳምንት አያገኙትም። ዴስክቶፑ ስም በሌላቸው ፎልደሮች ተሞልቷል። ፍላሽ ስንከለክል ሥራቸውን ቤት መውሰድ አይችሉም፤ ስንፈቅድ ደግሞ ቫይረስ ያስቸግረናል። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፋይል ማደራጀትን «ፎልደር እንዴት ይፈጠራል» ብለን ስናስተምር ተማሪው በሁለት ደቂቃ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ቀንም «ኒው ፎልደር» በሚል ስም አሥር ፎልደሮች ይፈጥራል። እኔ የምጀምረው በመፈለግ ነው። ሁለት ተማሪዎች ወንበር ይለዋወጡና አንዱ «ባለፈው ማክሰኞ የሠራሁትን የባዮሎጂ ሥራ አውጣልኝ» ይለዋል። ሌላው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካላገኘው ጥፋቱ የፈላጊው ሳይሆን የአስቀማጩ ነው። ይህ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደገመ በኋላ የስም አሰጣጥ ደንቡን ራሳቸው ይጠይቁዎታል።

ደንቡም አጭር ነው፤ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያም የትምህርቱ ዓይነት፣ በመጨረሻ የሥራው ስም። ለምሳሌ «2017-03-12 ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ 2» ቢባል ፋይሎቹ ያለ ማንም እገዛ በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ፤ ቀኑ ወይም ወሩ ከዓመቱ በፊት ከመጣ ግን የመስከረሙና የሰኔው ይደባለቃሉ። ወርና ቀን ሁልጊዜ በሁለት አኃዝ ይጻፉ፤ ጳጉሜን 13 ተብላ ትገባለች። የዘመን አቆጣጠሩም አንድ ይሁን። ኮምፒውተሩ ፋይሉ የተቀየረበትን ቀን በራሱ በፈረንጆቹ ስለሚመዘግብ፣ በስሙ ላይ የኢትዮጵያውን መጠቀም ሁለቱንም ያስገኛል።

የአማርኛ ጸሐፊ ከሚገጥሙት ሁለት እንቅፋቶች አንደኛው እዝባር ነው። ዊንዶውስ በፋይል ስም ውስጥ «/» አይቀበልም፤ ስለዚህ «ት/ቤት»፣ «መ/ር»፣ «12/3/2017» ብለው መሰየም የሚፈልጉ ልጆች መልእክት ይወጣባቸዋል፤ ምክንያቱን ስለማያውቁም ደንግጠው «ሀ» ብለው ይሰይሙታል። ሁለተኛው ደግሞ ጠለቅ ያለ ነው። ለእኛ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» አንድ ቃል ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ፀ» እና «ጸ»፣ «ሐ» እና «ሀ» ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ በአንዱ የተሰየመውን ፋይል በሌላው ሲፈልጉት አያገኙትም። በስም ዝርዝር ላይም እንዲሁ ነው። በአንደኛው መንፈቅ ዓመት «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ተማሪ በሁለተኛው «ሀይሉ» ከተባለ ሁለት ሰው ይሆናል፤ በፊደል ተራ ሲደረደርም አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው ከ«ተ» በኋላ ይገኛል። ስለዚህ በኮምፒውተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ የትምህርት ዓይነቶችንና የወራትን ስም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ዘርዝረው ይለጥፉ፤ የፊደል አጠቃቀም ሥርዓት ለአማርኛ መምህር ብቻ የተተወ ጉዳይ አለመሆኑን ተማሪው እዚህ ላይ በእጁ ይዳስሰዋል።

ወደ ፍላሹ ስንመጣ መከልከሉን አልደግፍም። አንድ ኮምፒውተር በሩ አጠገብ ያስቀምጡና ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ እዚያ ይፈተሽ፤ ጸረ ቫይረሱንም በየሳምንቱ አንድ ሰው ኃላፊነት ወስዶ ያድሰው። በብዛት የሚያስቸግረው ፎልደሮቹን ደብቆ በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን (ሾርትከት) የሚያስቀምጠው ዓይነት ቫይረስ ነው። ተማሪው አቋራጩን ሁለቴ ሲጫን ቫይረሱን ራሱ ያስነሣዋል፤ ወይም «ፋይሌ ጠፋ» ብሎ ፍላሹን ፎርማት ያደርገዋል። ብዙውን ጊዜ ፋይሉ ጠፍቶ ሳይሆን ተደብቆ ስለሆነ፣ የተደበቁና የሲስተም ፋይሎችን እንዲያሳይ ሲታዘዝ ብቅ ይላል። የአንዲት ተማሪን የአራት ወር ሥራ በዚህ መንገድ ያወጣንበት ቀን ለእኔ ትልቅ ቀን ነበር፤ ከደስታዋ ይልቅ ለሁለተኛ ጊዜ እንዳይደርስባት ማድረጓ ደስ አሰኝቶኛል። በዚያው ዕለት ከፍላሹ ሌላ በቴሌግራም ለራሷ ልካ አስቀመጠችው፤ አንድ ቅጂ ደግሞ በኮምፒውተር ክፍላችን ቀረ። ሦስት ቦታ የተቀመጠ ሥራ በአንድ ቀን አይጠፋም። በቴሌግራም ፎቶ ሲላክ ግን እንደ ፋይል ካልተላከ በቀር ጥራቱ እንደሚቀንስ ይንገሯቸው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለሚያድጉ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ስላይድ ላይ ላስገባው የፈለግሁት ከአገር ቤት የተላከልኝ የቆየ የማስተማሪያ ጽሑፍ ስከፍተው የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ሆነብኝ። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መልስ፦ ፋይሉ አልተበላሸም። የኢትዮጵያ ፊደል ለየፊደሉ በኮምፒውተር ውስጥ መለያ ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው እትም 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች፣ ለምሳሌ ቪዥዋል ግዕዝና የቀደሙት የፓወር ግዕዝ እትሞች፣ የእኛን ፊደል ሥዕል ለላቲን ፊደላት በተመደበ ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በጊዜው ሌላ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ያንኑ ፎንት በኮምፒውተርዎ ላይ ቢጭኑ ጽሑፉ ይነበባል። ለተማሪ ለመስጠት ግን ይህ አይበቃም፤ ልጁ በራሱ ታብሌት ሲከፍተው ያው ምልክት ይሆንበታል። ወደ ፒዲኤፍ ቢለውጡት ለዓይን ይነበባል፤ ቃል ለመፈለግ ወይም ቀድቶ ለመለጠፍ ሲሞከር ግን እንደገና የላቲን ፊደል ይሆናል። የሚበጀው በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መቀየርና ከዚያ ሆሄያቱን በዓይን ማረም ነው። ጽሑፉ ከአሥር ገጽ ካልበለጠ ለትልልቆቹ ልጆች ከፋፍለው እንደገና ያስጽፏቸው፤ አማርኛ መጻፍን የሚለማመዱበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አይገኝም።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሥልጠና ጨርሼ ሠርተፊኬት ይዣለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ለሙከራ ገብቼ የ340 ሰዎችን ስምና ስልክ በኤክሴል እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ከስልኮቹ ሁሉ መጀመሪያ ላይ ያለው ዜሮ ጠፋ፤ አለቃዬም ተቆጡኝ። የተማርሁት ትምህርት ምን ጎደለው? (ከአዳማ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ያሰለጠኑሽ ሰዎች የኤክሴልን ቁልፎች አሳይተውሻል፤ የሌላ ሰው ሥራ ግን ሰጥተውሽ አያውቁም። ዜሮው የጠፋው ኤክሴል የስልክ ቁጥሩን እንደ ብዛት ቆጥሮ ነው፤ ከብዛት ፊት ያለ ዜሮ ደግሞ ትርጉም የለውም። መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት ዓምዱን በሙሉ መርጠሽ ዓይነቱን «ቴክስት» ብታደርጊው ዜሮው ባለበት ይቆያል። ከመጻፍ በፊት መጠየቅ የሚገባው «ይህ ቁጥር ይደመራል ወይስ ስም ነው?» የሚለው ነው። ስልክ፣ የመታወቂያ ቁጥርና የባንክ ሒሳብ ቁጥር አይደመሩም፤ ስለዚህ ስም ናቸው።

ከዚህ የከፋ ስሕተት እኔ ራሴ ሠርቻለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት ሳስተምር የተማሪዎችን ሮስተር በስም ተራ ልደረድር ፈልጌ የስሙን ዓምድ ብቻ መረጥሁ። ኤክሴል አጠገብ ያሉትን ዓምዶች ይጨምር እንደሆነ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ሳላነብ ባለበት እንዲቀጥል ፈቀድሁለት። ስሞቹ ተራቸውን ያዙ፤ ማርኮቹ ግን ካሉበት አልተንቀሳቀሱም። የ54 ተማሪዎች ውጤት ተዘበራርቆ ታትሞ ከተለጠፈ በኋላ ነው አንድ አባት በእጁ የያዘውን የፈተና ወረቀት አምጥቶ ያሳየኝ። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሰንጠረዥ ከመደርደሬ በፊት ቅጂ አስቀምጣለሁ፤ ከደረደርሁ በኋላም ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አንድ አንድ ሰው መርጬ ከወረቀቱ ጋር አመሳክራለሁ።

በወርድ ፕሮግራምም ቢሆን ርእሱን በእጅ ከማድመቅና ከማተለቅ ይልቅ «ሄዲንግ» የሚባሉትን ስታይሎች መጠቀም ልመጂ፤ ሃምሳ ገጽ ሪፖርት ሲመጣ ማውጫው በአንድ ትእዛዝ ይወጣልሻል። ኢሜይል ስትልኪ ደግሞ የርእሱን ቦታ ባዶ አትተዪው፤ አለቃሽ ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤውን የሚፈልጉት በዚያ ርእስ ነው።

ለልምምድ ይህን አድርጊ። የዕድራችሁን ወይም የሰፈራችሁን ዕቁብ መዝገብ በፈቃድ ተዋሺና የአባላቱን ስም፣ ስልክና የየወሩን መዋጮ በኤክሴል አስገቢ። ድምሩን መዝገቡ ላይ ካለው ጋር አስተያዪ፤ ካልገጠመ የተሳሳተው የትኛው መስመር እንደሆነ እስክታገኚ አትተዪው። ከዚያ አንድ ገጽ አሳትመሽ ለዕድሩ ጸሐፊ ስጪና ዝም ብለሽ ተመልከቺ፤ አንቺ ሳታስረጂ አንብበው የማን መዋጮ እንደቀረ ከነገሩሽ፣ ያንኑ ገጽ ወደ መሥሪያ ቤቱ ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ።